ስም የጎደላቸው አምስት መጻሕፍት

ይድረስ ባሕር ተሻግሮ ኤደን ለተቀመጠው ለወንድምዓለም ለአስማማው።

እንደምን ባጀህ? እንደምን ከረምህ? የኤደን ሐሩር እንዴት ይዞሃል? ያ ከሾላው ወድቀህ የተሰበረው ግራ ክንድህ፣ ብርድ በመጣ ቁጥር ይጠዘጥዝህ የነበረው፣ እዚያስ ተወህ ወይ? ዓይንህስ እንዴት ነው? እህል ውሃው ተስማማህ? ስትታመም የሚያስታምምህ፣ ስትነሣ «እንዴት አደርህ» የሚልህ ሰው አለህ? እኛ፣ እኔም አባዬም እምዬም እታለም ያለምወርቅም፣ ቀይቱ ላም ሳትቀር፣ ደህና ነን። ናፍቆትህ ግን ቤቱን ሞልቶታል።

ይህን ሁሉ የምጠይቅህ ደብዳቤ ሲጀመር እንዲህ ስለሚባል እንዳይመስልህ። ከ፲፱፻፳፱ ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ ቃልህን ሰምተን አናውቅም። አሥራ ስድስት ወር ሆነ። ሁለት ጊዜ ጻፍንልህ፤ ሁለቱም ውሃ እንደገባ ድንጋይ ጠፍተው ቀሩ። እምዬ ዲማ የረገጠ ነጋዴ ሁሉ እያስቆመች «ኤደን ከደጀን ይርቃል ወይ?» ትላለች። ከደጀን የራቀ አገር አታውቅማ። አንዱ «ከደጀን መቶ ጊዜ ይርቃል» ቢላት እንስራዋን አውርዳ መንገዱ ዳር ቁጭ አለች። ስለዚህ «እንደምን ነህ» ስልህ በእውነት እየጠየቅሁህ ነው፣ መልስም እየጠበቅሁ ነው።

የምጽፍልህ ከደብረ ማርቆስ፣ ከሐጂ ሱሩር ሱቅ ጓዳ፣ የአሞሌ ክምር ላይ ተቀምጬ ነው። ያው አንተን እስከ ጂቡቲ ያደረሱህ ሐጂ ሱሩር ናቸው። ከነገ ወዲያ ከወታደር ጋር በሚሄድ ካሚዮን ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም በባቡር ይወርዳሉ። ይህን ደብዳቤ በየት ሸሽገው እንደሚይዙት አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ካነበብኸው ደርሷል ማለት ነው።

መጀመሪያ የምሥራቹን። ተመርቄያለሁ! አንተ ስትሄድ ጉባኤ ቃና ለመቁጠር የምንተባተበው ሙላት ቅኔውን ጨርሼ በግንቦት የኔታ እጃቸውን ጭነው መረቁኝ። «በል እንግዲህ ወንበር ዘርግተህ አስተምር» አሉኝ። እኔ ግን ወንድምዓለም፣ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰውነት የለኝም። ከተመረቅሁ ጀምሮ እግሬ አልረጋም። ውሃ ለመቅዳት ወጥቼ ኮረብታው ላይ ቆሜ እገኛለሁ። እምዬ «ይህን ልጅ ምን ነካው፣ ጠበል ይረጭ» ትላለች። የነካኝ የአንተ ደብዳቤ ነው። ባሕር የሚሉትን ማየት አማረኝ። ያን የሚያህል መርከብ ብረት ሆኖ እንዴት እንደማይሰጥም ማየት አማረኝ። በሩ ላይ «አስማማውና ወንድሙ፣ የብራና መጻሕፍት ነጋዴዎች» የሚል የተጻፈበት ሱቅ በእውኔ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል፤ የፊደሉን ቁመት ሳይቀር መርጫለሁ።

በመጨረሻው ደብዳቤህ ያልኸውን በቃሌ ይዤዋለሁ። በኤደን አንድ የመጽሐፍ ነጋዴ እንዳለ፣ ወደ ግብፅም ከዚያ ወዲያ ወዳሉ አገሮችም በመርከብ እንደሚልክ፣ ብራናው የሳሳ፣ ቀይ ቀለሙ የደመቀ፣ በአንገት የሚንጠለጠል ማኅደር ያለው የጸሎት መጽሐፍ ብናመጣለት ሌላውንም እንደሚያዘን ጽፈህ ነበር። ደብዳቤህ ለአባዬ በሚያስፈልገው ጊዜ ነው የደረሰው። ጣሊያን ከገባ ወዲህ በዲማ መጽሐፍ የሚያጽፍ ጠፍቷል። ያጽፉ የነበሩት ጫካ ገብተዋል፣ ያልገቡትም ያላቸውን መጽሐፍ በዋሻ ሸሽገው ከቤታቸው ውጭ ያድራሉ እንጂ አዲስ አያስቡም። የአባዬ የቀለም ቀንድ ደርቆ ሸረሪት አድርታበት ነበር። ደብዳቤህን ካነበብሁለት በኋላ ያለ አንዳች ቃል ተነሥቶ ወጣና የፍየል ቆዳ ወጥሮ አገኘሁት።

ዓመት ሙሉ ጻፍን። እሱ ሁለት፣ እኔ ሦስት። የእኔን ገጽ ባየ ቁጥር «የአንተ ፊደሎች ገበያ የረፈደባቸው ይመስላሉ፣ ወዴት ነው የሚሮጡት?» ይለኛል። ቢሆንም ሦስተኛዬን ስጨርስ አይቶ ምንም ሳይል ራሱ በቆዳ ደጎሰልኝ። አባዬ ምንም ካላለ ምን ማለት እንደሆነ አንተ ታውቃለህ።

የተጣላነው በስሙ ጉዳይ ነው። አባዬ ዕድሜ ልኩን «ባለቤቱ ማነው? የክርስትና ስሙስ?» ብሎ ሳይጠይቅ መቃ ነክሮ አያውቅም። በጸሎቱ ውስጥ «ለገብርከ»፣ ለአገልጋይህ፣ ከሚለው ቃል ቀጥሎ የባለቤቱ ስም በቀይ መግባት አለበት። እኔ «ገዢው ባሕር ማዶ ያለ የማናውቀው ሰው ነው፣ ቦታውን ባዶ እንተውለት፣ ሲገዛ ስሙን ያስገባል» አልሁት። መቃውን አስቀመጠና «ስጽፍ እኮ እጸልያለሁ። ለማን ነው የምጸልየው? ለንፋስ?» አለኝ። ሦስት ቀን ቀለም ሳንበጠብጥ ዋልን። በመጨረሻ እምዬ መጥታ በመካከላችን ተቀመጠችና «ያላወቃችሁትም ሰው እናት አለችው፤ ቦታ ተዉለት» አለች። ተውንለት። በየቦታው ሁለት ጣት ያህል፣ በአምስቱ መጻሕፍት አርባ ሦስት ቦታ። ስንለያይ አባዬ የመፋቂያ ቢላውን ሞርዶ ከብዕሩ ጋር አስያዘኝና «ባዶውን ቦታ ያየ ሁሉ የራሱን ሐሳብ ያገባበታል፤ አደራ አስተውል» አለኝ። እኔም በልቤ አባዬ አርጅቷል አልሁ።

ከዲማ የወጣሁት በኅዳር መጨረሻ ነው። በሶዬን ቋጥሬ፣ መጻሕፍቱን በአህያ ጭኜ፣ የመጀመሪያውን ሌሊት አምበር ከእምዬ ዘመድ ከእትዬ ሥራነሽ ቤት አደርሁ። የምሄድበትን ብነግራት ከት ብላ ሳቀችና «ኤደን? አዳም ተባርሮ የወጣባትን አገር አንተ አህያ እየነዳህ ልትገባባት?» አለችኝ። ባሏም «እዚያ ከደረስህ ስለ ቅጠሉ ጠይቅልን» አለ። እንዲህ እየሳቅን አደርን። ከዚያ ወዲህ አልሳቅሁም።

ደብረ ማርቆስ ኬላ ላይ ጭነቴን ፈቱት። መጻሕፍቱን ሲያዩ ያዙና ለይለፍ ወረቀት በማግሥቱ ወደ ሹሙ እንድቀርብ አዘዙኝ። በማግሥቱ ደጁ ላይ አስተርጓሚው ወጥቶ ስሜን ሲጠራ ማን ቢሆን ደስ ይልሃል? እንዳላማው! ያ ከሸበል መጥቶ ከእኛ ጋር ቅኔ የቆጠረው፣ ውሻ የሚፈራው፣ ዳቤውን፣ የተማሪ ለምዱን፣ ጥሎ ትምህርቱን ሳይጨርስ የጠፋው። ጫማ አድርጓል፣ ካኪ ለብሷል። «ሙሌ፣ አሁንም ከየደጁ ቁራሽ ትለምናለህ?» አለኝ ዝቅ ብሎ። እኔም «አንተማ ቁራሹ ከነሳህኑ የሚመጣበት ቤት አግኝተሃል» አልሁት። ፊቱ ጠቆረ። ወዲያው ነው የቆጨኝ፣ ምክንያቱም በዚያች ሰዓት ከእሱ አፍ በቀር አፍ አልነበረኝም።

ሹሙ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ ጣሊያን ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ መጽሐፉን በንጹሕ እጅ ነው የነካው፤ ብራናውን ወደ መስኮቱ አንሥቶ በብርሃን አየው፣ በጽሕፈቱም ራሱን ነቀነቀ። ልቤ ተንፈስ አለ። ይኸ ሰው ይገዛኝ ይሆናል ብዬ እስከማሰብ ደረስሁ፣ ነጋዴነቴን እይልኝ! ኋላ ጣቱ ባዶው ቦታ ላይ ቆመ። ገለጠ፣ ሌላ ባዶ ቦታ። ሁለተኛውን መጽሐፍ አነሣ፣ እዚያም አለ። አምስቱንም ጠረጴዛው ላይ ዘረጋጋቸውና እንዳላማውን አንድ ነገር ጠየቀው። «ስሙ ለምን ተሸሸገ ይላል» አለኝ።

እውነቱን ነገርሁት። ባለቤቱ ገና አይታወቅም፣ ባሕር ማዶ የሚገዛው ሰው ያስገባዋል አልሁ። ሹሙ ሳቀ፤ ሳቁ ግን መነጽሩን አላለፈም። ሰው የማያውቀውን ሰው ስም ትቶ ዓመት ሙሉ ይጽፋል? ይህ የሽፍቶች መሐላ ነው፣ መጽሐፉ ላይ ይምላሉ፣ ስማቸውን ኋላ ያስገባሉ አለ። እንዳላማው ተረጎመልኝ። «መጻሕፍቱ ወደ እሳት፣ አንተ ወደ ወህኒ ብሏል» አለኝ። ወንድምዓለም፣ የታየኝ አባዬ ነው፣ ቆዳውን ወጥሮ በድንጋይ ሲፍቅ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን እንዳላማው ለምን እንዳደረገው እስካሁን አልገባኝም። ማንም ሳይጠይቀው ለሹሙ አንድ ነገር ተናገረ፤ «ጌታዬ፣ እውነት የሚናገር ከሆነ አሁን እርስዎ ፊት ስሙን ይሙላ» ማለቱ ነው። ሹሙ አሰበበት። «ሁሉንም። አሁን። እዚህ» አለ።

ብዕሬና ቀይ ቀለሜ ከቀረጢቴ ወጡ። ግን የማንን ስም? እስቲ አስብልኝ። የአባዬን ብጽፍ ነገ ወታደር ዲማ ይወርዳል። የየኔታን ብጽፍ እሳቸውን ያመጧቸዋል። የራሴን ብጽፍ መሐላውን ራሴ ፈረምሁ ማለት ነው። ለሹሙ ለራሱ ልጻፍለትና ልገላገል ብዬም ነበር፤ መቃው ግን ከብራናው በላይ ቆሞ አልወርድ አለ። እጃቸው የማይደርስበት፣ ከዚህ አገር የወጣ፣ ግን የእኔ የሆነ ሰው ፈለግሁ። ከዚያ ነው አንተ የመጣህልኝ። «ለገብርከ» ከሚለው ቀጥዬ በክርስትና ስምህ «ገብረ ኪዳን» ብዬ ጻፍሁ።

«ገብረ ኪዳን ማነው?» አለ ሹሙ። «ወንድሜ ነው፣ ኤደን የሚኖር» አልሁ። ከመሳቢያው ረጅም ወረቀት አወጣ፣ የሚፈለጉ ሰዎች ስም ያለበት። እንዳላማው እያነበበለት ጣቱ ከላይ ወደ ታች ወረደ። የሰማዩ አባት ይወቀው፣ በዚያ ወረቀት ላይ አንድ ገብረ ኪዳን ቢኖር ዛሬ ይህን አልጽፍልህም ነበር፣ አንተም አታነበውም ነበር። ጫካ የገባ ሰው የሚጠራው ግን በቤት ስሙና በፈረሱ ስም ነው፤ የክርስትና ስሙን የሚያውቁት ንስሐ አባቱና እናቱ ናቸው። አልተገኘም። ሹሙ ሲጋራውን ለኮሰና በእጁ ቀጥል አለኝ።

ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ስምህን ስጽፍ ዋልሁ። የመጀመሪያው መጽሐፍ ላይ «ገ» ጉልበቷ ይንቀጠቀጣል፤ አባዬ ቢያየው የፈራሁበትን ገጽ ለይቶ ያወጣዋል። በሦስተኛው እጄ ረጋ። በአምስተኛው፣ አትሳቅብኝ፣ ሹሙንም ረስቼው ነበር። ስምህን በጻፍሁ ቁጥር አንድ ነገር ትዝ ይለኝ ነበር፤ አንዴ ውሃ ሙላት ያሻገርኸኝ፣ አንዴ በእኔ ፋንታ የተገረፍኸው፣ አንዴ እሸት ሰርቀን ገለባውን በእኔ ኪስ የደበቅኸው። ያን አልረሳሁልህም።

ሲያበቃ እንዳላማው መጻሕፍቱን ሊሰበስብ የመጨረሻውን ገለጠና እጁ ቆመ። አንድ ቦታ ዘልያለሁ። አየኝ፣ አየሁት። መጽሐፉን ከደነና «ሞልቷል» አለው ለሹሙ። መጻሕፍቱን አስታቅፎኝ ደጁ ድረስ ሸኘኝና «አንዲት ቀርታሃለች» አለኝ። ከዚያ ወዲያና ወዲህ ተመልክቶ «የእኔ ወልደ ጊዮርጊስ ነው» አለ። «ለእኔ ማን ያጽፍልኛል ሙሌ? እናቴ በዚህ ልብሴ ደጇን እንዳልረግጥ ብላለች። ይለፉን ግን በዚህ አልያዝሁብህም፣ እግዚአብሔርን» ብሎ ተመለሰ።

ይለፉ በአራተኛው ቀን ማኅተም ተመትቶ መጣ። የሚያደርሰኝ እስከ አዲስ አበባ ብቻ ነው፤ የጂቡቲውን እዚያ ስጠይቅ ይታያል ብለዋል። የእንዳላማውን ስም የጻፍሁለት ወረቀቱ እጄ ከገባ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ብጽፈው ጉቦ ይሆን ነበር። ለአባዬ እንዳትነግርብኝ፣ ወይም እኔው ራሴ እነግረዋለሁ።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልምጣ። የመጽሐፍ ነጋዴው የሌላ ሰው ስም የሞላበትን መጽሐፍ ምን ብሎ ይቀበለኛል? ዓመት ሙሉ የለፋንበት፣ ባሕር ማዶ ገበያ እንከፍትበታለን ያልንበት ሁሉ ያንተ ስም ብቻ ሆኖ ቀረ። ለሐጂ ሱሩር ብነግራቸው «ወላሂ ልጄ፣ ይህን ያህል ያስጨንቅሃል? በቢላህ ፋቅ ፋቅ አድርገው። እኔ የጆንያ ምልክት ስንት ጊዜ ፍቄ የራሴን አትሜያለሁ፤ ንግድ አይደለም እንዴ?» አሉኝ። ልክ ናቸው። ብራና ይፋቃል፣ የአባዬም ቢላ ከእኔ ጋር ነው። ትናንት ከቀትር በኋላ በራቸው ላይ ተቀምጬ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ከፈትሁና ስለቱን «ገ» ላይ አሳረፍሁት።

አልቻልሁም። አንተም የጸሐፊ ልጅ ነህና ይገባሃል። በእኛ ቤት የሰው ስም ከጸሎት መጽሐፍ የሚፋቀው መጽሐፉ ወደ ሌላ ሰው ሲያልፍ ነው፤ መጽሐፉም የሚያልፈው ባለቤቱ ሲሞት ነው። አባዬ ሲፍቅ አይተነው የለም? ቆቡን አውልቆ፣ ነፍስ ይማር ብሎ ነው የሚጀምረው። አንተ አሥራ ስድስት ወር ዝም ብለሃል። እኔ በገዛ እጄ አርባ ሁለት ጊዜ «ነፍስ ይማር» ልበልህ?

ይህን ለሐጂ ሱሩር ስነግራቸው ሳቃቸው ጠፋ። ቢላውን ከእጄ ወሰዱ፣ በጨርቅ ጠቀለሉት፣ ደረት ኪሳቸው ከተቱት። «ይህን ለስሙ ባለቤት አደርሳለሁ» አሉ። «ኤደን ገብቼ በየመስጊዱም በየወደቡም ጠይቄ ካላገኘሁት አልመለስም፤ አንተ መጻሕፍቱን ይዘህ ተከተለኝ።»

እኔም ከሳምንት በኋላ እነሣለሁ። በደጀን ዓባይን ወርጄ አዲስ አበባ እገባለሁ፣ የጂቡቲውን ይለፍ ቢሰጡኝም ባይሰጡኝም ባቡር ጣቢያው ድረስ መሄዴ አይቀርም። ጂቡቲ የሐጂ እኅት ሸምሲያ ሱቅ አላት፤ መልስህን ለእሷ ላክልኝ። ረጅም ደብዳቤ አልጠይቅህም። «አለሁ» የምትል አንዲት ቃል ትበቃኛለች። ምናልባት ሠፈር ቀይረህ ይሆናል፣ ምናልባት ደብዳቤህን ባሕሩ በልቶት ይሆናል፣ ምናልባት ተቀይመኸን ይሆናል። ሁሉንም ችያለሁ፣ ከአንዱ በቀር። ደግሞ ሳስበው አባዬ «ለማን ነው የምጸልየው?» ብሎ ለጠየቀኝ መልሱ ለካ ከቤቱ የወጣው ልጁ ነበር።

አባዬ ሰላም ብሎሃል፤ «ይጽፍ እንደሆነ እጁን እንዳያበላሽ» ብሏል። እምዬ ማንጠግቦሽ ግንባርህን ሁለት ጊዜ እንድስምላት አደራ ብላለች፣ አንዱ የልደት ነው፣ አንዱ የፋሲካ። ለእሷ ስትጽፍ የሹሙን ነገር እንዳታነሣባት። እታለም ያለምወርቅ አንድ ወንድ ልጅ ወልዳለች፣ ክንዱን ወደ ላይ ዘርግቶ እንደ አንተ ነው የሚተኛ አሉ፤ ጉንጭህን ስሞሃል። እትዬ ሥራነሽ ከአምበር ሰላም ብላለች፣ ቅጠሉን አደራ ብላለች። የሐጂ ባለቤት እሜቴ ሀጀራ «ላደረሰው አላህ ምስጋና፣ ይመለስ» ብለዋል። ከአንተ ጋር ለሚኖሩት ሁሉ፣ ስማቸውን ባላውቅም፣ ሰላምታዬን ንገርልኝ።

እንግዲህ ቢላውን ከሐጂ ሱሩር እጅ ተቀበል። አባዬ የሞረደው ነው፣ ጣትህን ተጠንቀቅ። መጻሕፍቱን ይዤ ስመጣ ወደቡ ላይ ቆመህ ጠብቀኝ፤ ስምህ መፋቅ ካለበት አንተው በእጅህ ፋቀው። እስከዚያ ድረስ ግን በእኔ ቀረጢት ውስጥ አርባ ሁለት ጊዜ በሕይወት አለህ።

ታናሽ ወንድምህ ሙላት

ደብረ ማርቆስ፣ ታኅሣሥ ፲፬ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.